የሞጣ መስመር ተይዟል

ኩርፊያ ቀላል ነገር የሚመስለው ከልቡ አኩርፎ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ኩርፊያ ከእርሻ የማይተናነስ ሥራ መሆኑን እኔ የተማርኩት እዚሁ ቤታችን ውስጥ ነው። በየቀኑ ካልተንከባከቡት ይጠወልጋል። አንድ ቀን ተዘናግተው "እሱስ ደህና ነው?" ብለው ቢጠይቁ፣ የስንት ዓመት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ ያኮረፈ ሰው እንደ ተኳራፊው ወሬ የሚርበው ነገር የለም። ወዳጁን ሳምንት ሙሉ ቢረሳው ግድ የለውም፤ ያኮረፈውን ግን አንዲት ቀን አይረሳም። ታዲያ ይህ ፍቅር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

አባቴ የሚኖሩት ቢቸና ነው፤ ታናሽ ወንድማቸው አጎቴ እንየው ደግሞ ሞጣ። በመካከላቸው ያለው አንድ መንገድ ነው፣ ያውም አውቶቡስ የሚመላለስበት። ይሁን እንጂ አያቴ ካረፈች ወዲህ አንዳቸውም ወደ ሌላው ቤት አልሄዱም። አያቴ ያረፈችው ሞጣ፣ አጎቴ ቤት ነበር። አባቴ መርዶው እንደ ደረሳቸው የተሳፈሩበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሸና፣ ሲደርሱ ሕዝቡ ከቀብር እየተመለሰ ነው። አጎቴ ሰዓቱ መሸ፣ ዝናብ መጣ፣ ቄሶቹ ቸኮሉ ቢሉ ማን ሊሰማቸው! አባቴ በለቀስተኛው ፊት፣ "እናቴን ሳላያት አፈር አለበስካት፤ ትንሽ እንኳ አልጠበቅኸኝም። ከእንግዲህ ድምፅህን ብሰማ አጥንቷ ይፋረደኝ!" ብለው ማሉ። አጎቴም በመሐላ የሚበለጡ ሰው አይደሉምና፣ "እኔም ያንተን ብሰማ!" ብለው ተካፈሏቸው።

ሽማግሌ ሳይላክ ቀርቶ አይደለም። ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ተመለሰ። አባቴ ሁሉንም የሚሸኙት "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" እያሉ ነው። የተወለድኩት እኔ እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሽማግሎቹም ሲወጡ አየት ያደርጉኝና ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል።

ከሞጣ ሰው በመጣ ቁጥር አባቴ ስለ ወንድማቸው አይጠይቁም። "ሞጣ ዝናብ ጥሏል ወይ?" ነው የሚሉት። አስተዋይ እንግዳ ከሆነ፣ "ዝናቡስ ጥሏል፤ አቶ እንየውም ትናንት ገበያ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ" ብሎ ይመርቅላቸዋል። አባቴ ያልሰሙ መስለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ግን የጆሯቸውን አቋቋም አውቃለሁ። ሁለቱም አርጅተዋል። አንዱ ሳይታረቅ ቢሞት፣ የቀረው ምን ይዞ ሊኖር ነው? ይህ ሐሳብ በእውነት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ መላ ግን አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ላምጣው። እኔ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ይህን ስል ትልቅ ሰው እንዳልመስላችሁ፤ ኔትወርኩ በፈለገው ቀን ብቻ ብቅ በሚልበት ከተማ ኢንተርኔት ማስተማር፣ ዋናን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ማስተማር ነው። ለዚህ ይሆናል ልቤ ወደ አሮጌ ኮምፒዩተር ያደላው። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ ምናለሽ ተራ ስዞር፣ ከተበታተኑ ሬዲዮኖች መካከል እኔ ሳልወለድ የተሠራ የቤት ኮምፒዩተር አገኘሁ። ሆድ ዕቃው ሁሉ ያለው ኪቦርዱ ውስጥ ነው፤ የራሱ ስክሪን የለውም፣ ከቴሌቪዥን ጋር ነው የሚገናኘው። ሻጩ፣ "ኪቦርድ ነው ወንድሜ፣ ትንሽ ወፍሯል እንጂ" አለኝ። ሁለት አሮጌ ሞደሞችም አብሮ ሰጠኝ። ሞደም ማለት ፊደሉን ወደ ጩኸት ለውጦ በስልክ ሽቦ የሚልክ፣ ከወዲያ የመጣውንም ጩኸት መልሶ ፊደል የሚያደርግ ሳጥን ነው።

በዚህ ዕቃ ቡሌቲን ቦርድ ልከፍት ተነሣሁ። ቡሌቲን ቦርድ ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ በፊት ፈረንጆቹ ይጫወቱበት የነበረ ነገር ነው። የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ በሉት፤ ልዩነቱ በስልክ የሚገባበት መሆኑ ነው። ሌላው ሰው ከራሱ ኮምፒዩተር ወደ እናንተ ቤት ስልክ ይደውላል፣ ይገባል፣ የተለጠፈውን ያነባል፣ የራሱን ይለጥፋል፣ ይወጣል። ስልኩ አንድ ስለሆነ የሚስተናገደውም አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ማብራሪያ በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ፣ ስልኩ ካለ ለምን በስልኩ አትነጋገሩም ስትል ጠየቀችኝ። መልሴንም ሳትጠብቅ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ደግነቱ ሞጣ ውስጥ አንዲት የእኔ ብጤ ነበረች፤ የአጎቴ ልጅ ይታይሽ። የጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ኮምፒዩተር ሪፖርት ብቻ ሲጻፍበት ማየት አንገፍግፏታል። አባቶቻችን ማሉ እንጂ እኛ አልማልንምና ሁለተኛውን ሞደም፣ ከአባቷ ጋር በምትኖርበት ቤት ላላት ኮምፒዩተር፣ በአውቶቡስ ሰደድኩላት። ከዚያ ፊደሉን ማሰናዳት መጣ። ማሽኑ የእኛን ፊደል ጭራሽ አያውቅም፤ እያንዳንዱን በነጥብ በነጥብ መሣል ነበረብኝ። 'ጬ' ላይ ስደርስ የፊደል ገበታን የቀረጹትን አባቶች ያለ ምክንያት ተቀየምኳቸው።

አልቆ ለሙከራ የሚለጠፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያስፈልገኝ አባቴን ጠየቅኋቸው። ቴሌቪዥኑን ይዤባቸው ዜና ስላመለጣቸው ፊታቸው አልተፈታም ነበር። ቢሆንም ወደ መስኮቱ እያዩ፣ "'ሞጣ ዝናብ ጥሏል ወይ?' በል" አሉኝ። ያንኑ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ከሞጣ መልስ ገባ፤ ይሁን እንጂ የይታይሽ አልነበረም። እሷ ስትጽፍ ሰላምታው ብቻ ስክሪኑን ይሞላል። ይህኛው ሰላምታ የሚባል ነገር የለውም፤ "ጥሏል። ቢቸናስ?" ብቻ ይላል። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ አጎቴ ከጀርባዋ ቆመው ጥያቄውን አነበቡት። ማን እንደ ጻፈው አልጠየቋትም። "ተነሽ እስቲ" ብለው ወንበሯን ወሰዱና ፊደል በፊደል እየለቀሙ መለሱ። አባቴም መልሱን አንብበው መነጽራቸውን ጠረጉ፤ እንደገና አነበቡት፤ እንደገና ጠረጉት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሜትሮሎጂ ቢሮ ሆነ። ደመናው፣ ነፋሱ፣ ውርጩ በየቀኑ ይዘገባል። አጎቴ በረዶ ጣለ ብለው ሲጽፉ አባቴ እዚህ ጋቢ ይደርባሉ። አንድ ቀን "የዘንድሮ ብርድ ጉልበት ይበላል" የሚል ሲመጣ አባቴ ፊታቸው ጠቆረ። "ጉልበቱን አሞታል" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

መሐላውስ? ትሉ ይሆናል። አባቴ ነገሩን አውጥተው አውርደው፣ የማልኩት ድምፁን ላልሰማ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ነው፣ የሚል ፍርድ ሰጥተዋል። ያስጨነቃቸው የሞደሙ ጩኸት ነበር። ሞደም ሲገናኝ ሬዲዮ ውስጥ የተዘጋባት ድመት ዓይነት ድምፅ ያወጣል። "ይህ የማን ጩኸት ነው?" አሉኝ። የማሽኑ ነው አልኳቸው። "የሚመጣው ግን ከሞጣ ነው?" አሉ። አዎ፣ ከሞጣ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩ በጠራ ቁጥር ጩኸቱ እስኪያልፍ ጓሮ ወጥተው ይቆሙ ጀመር። መሐላ አክባሪ እንዲህ ነው እንጂ!

ፕሮግራሙ ደግሞ አንድ ክፉ አመል ነበረው። የገባው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ምንም ካልጻፈ መስመሩን ይቆርጥበታል። አጎቴ አንዷን ፊደል ፈልገው እስኪያገኙ ደጋግሞ ወደ ውጭ ጣላቸው። አባቴ ምክንያቱን ሲሰሙ እንዴት ያለ ቁጣ ተቆጡኝ መሰላችሁ! እንግዳ ዝም ስላለ ከቤት ይባረራል ወይ? ይህን ያስተማረህ የትኛው ትምህርት ቤት ነው? "ዝም አይነቅዝም" ሲባል አልሰማህም? እኔም አፍሬ ትእዛዙን ከፕሮግራሙ አጠፋሁት። ወንድማቸውን "እንግዳ"፣ ማሽኑን "ቤት" ብለው መጥራታቸውን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አባቴ የክት ነጠላቸውን ለብሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ገና በሩን ከማለፌ በእጃቸው ቀስ በል አሉኝና፣ "እንግዳ አለ" ብለው ተነፈሱ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ እናቴ እንኳ አራስ ልትጠይቅ ወጥታ ቤቱ ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ "እንየው ገብቷል" ይላል። ከሥሩ ስለ ደመና የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቅ ከቀትር በፊት ነው አሉኝ። ምን አሉ? ምንም፤ ተቀምጧል። እርስዎስ ምን አሏቸው? "እኔ ምን እላለሁ? የመጣው እሱ።" እንግዲያው መስመሩን ልዝጋው ወይ ስላቸው፣ የወለዱት እኔ መሆኔን የተጠራጠሩ መሰሉ። "እንግዳ ሂድ ይባላል?" አሉኝ።

ሞጣ ደግሞ ይታይሽ ከቢሮዋ ወደ ቤት ብትደውል፣ ብትደውል መስመሩ ተይዟል። አባቷ የወደቁ መስሏት ሥራዋን ጥላ እየሮጠች ስትገባ፣ አጎቴ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠዋል። ሁልጊዜ መውጫውን የምትጫንላቸው እሷ ነበረች፤ ያን ቀን የገቡት ብቻቸውን ነው። መውጫው እኮ ይኸውና፣ ለምን አይወጡም ብትላቸው፣ "ባለቤቱ ሳይሸኘኝ?" አሏት። ምሳቸውም እንደ ተከደነ ነው። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ከገዛ ሌማት መብላት ደግሞ ከየት የመጣ ነው!

እሷም ሌላ መንገድ ስላልነበራት እዚያው ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ "ይታይሽ ነኝ። አባባ ምሳ አልበሉም። እስኪሸኟቸው እየጠበቁ ነው።"

አባቴ አነበቡት። "እየጠበቀኝ ነው?" አሉ። "እንየው... ይህን ሁሉ ሰዓት... እኔን ጠበቀኝ?" አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለእናታቸው እንኳ ከቁጣ ብዛት በወጉ አላለቀሱም ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል። ጥቂት ቆይተው ግን ሌላው ነገር ድንገት ገባቸውና ደነገጡ። "ምሳ አልበላም ነው የምትለው? እኔ ቤት ተቀምጦ?" ይህ ከመሐላው የባሰ ነበር።

ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡትና አንድ በአንድ እየለቀሙ ጻፉ፦ "ወንድሜ፣ ቤቴ ገብተህ ጦምህን አትወጣም። ና ብላ።" ከዚያ ጠበቅን። ሞጣ ላይ ፊደል ሲፈለግ እየታየኝ ጠበቅን። በመጨረሻ "እመጣለሁ ጋሼ" የሚል መጣና መስመሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ አባቴ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው መሐላዬን ፍቱኝ አሉ። ቄሱ ስንት ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተው የተመለሱ ናቸውና፣ ዛሬ ምን ተገኘ ብለው ተደነቁ። "ለእሱ ብዬ አይደለም" አሉ አባቴ። "እንግዳ በር ላይ ሲቆም 'ግባ' ይባላል። ጆሮ ደፍኖ፣ በጥቅሻ ግባ አይባልም።" ስግደታቸውን ተቀብለው ተፈቱ። አጎቴም ለካ ሞጣ ላይ መሐላቸውን ሊያስፈቱ ደጀ ሰላም ውለዋል፤ "ግባ" ሲባሉ "ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ" ሳይሉ መግባት አልሆን ብሏቸው ነው።

አጎቴ የመጡ ዕለት አባቴ አጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ጉልበታቸውን እየጎተቱ ሲቀርቡ አይተው፣ በተሰነጠቀ ድምፅ "ግባ" አሉ። አጎቴ አልገቡም። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ "ጋሼ፣ ልጠብቅህ ይገባኝ ነበር" አሉ። አባቴ ወንድማቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው፣ "ዝናብ መጥቶ ነበራ፤ ምን ታደርግ" አሏቸው። ያን ቀን ምሳ የተበላው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሁለቱ ሳይላቀቁ ለመቀመጥ የደፈረ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ቴክኖሎጂ ሰው አስታረቀ ብላችሁ ለእኔ ምስጋና ለማቅረብ አትቸኩሉ። አጎቴ ሞጣ እንደ ተመለሱ ስልኩ ጮኸ። አባቴ አነሡት፤ ከዚያ በኋላ አላስቀመጡትም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሲነጋ ይጀምራሉ፤ ስለ እናታቸው ያልተጨዋወቱት የስንት ዓመት ጨዋታ አለ። ሰሌዳዬ በሩን ከፍቶ የሚገባ እንግዳ አጥቷል። ባለፈው ሳምንት ከሞጣ የመጣ የአውቶቡስ ረዳት ከይታይሽ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አደረሰኝ። ሞደሙን ወደ ቢሮዬ ወስጄዋለሁ፤ ቦርዱ ተበላሽቷል እንዴ፣ ለምን መግባት አቃተኝ፣ ትላለች። እኔም ከወረቀቱ ጀርባ መልሱን ጽፌ በዚያው አውቶቡስ ሰደድኩላት፦

"አልተበላሸም፤ አባቶቻችን እያወሩ ነው።"