የአሥራ ሁለት ትንፋሽ ዝምታ

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልን ዝምታን እናወድሳለን እንጂ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንችለውም። ሰው ቤት ተቀምጣችሁ ጨዋታው ቢቋረጥ "እንዴት ነው ታዲያ?" ትላላችሁ፤ ምኑ እንዴት እንደሆነ ግን እናንተም አታውቁትም። እኛ የነቀምት ሰዎች ደግሞ እንብሳለን። ከብቱ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ ደኅና መሆኑን ጠያይቀን ሳንጨርስ ባጃጁ ሞልቶ ይሄዳል። ይህን የምለው ሰው ሰልችቶኝ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም ፊንፊኔ ከገቡ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ እዚህ ነቀምት ሁለት ዓመት ሙዚቃ አስተምሮናል። "ሚስተር" ነበር የምንለው። መናኸሪያ ቆሞ፣ ወደ ዲጋ ከተማ የሚሄደው መኪና ረዳት "ዲጋ! ዲጋ!" እያለ ሲጣራ ዜማውን በደብተሩ ሲገለብጥ፣ ሰዉ ሰላይ ነው ብሎት ነበር። አገሩ ተመልሶ የሙዚቃ ደራሲ ሆነና ያችን ጥሪ ለቫዮሊን ጻፋት። ሙዚቀኞች አንድ ቀን ብቻ ተጫወቷት፤ ተሳፋሪ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ቀን እያስተማረ፣ እሁድ ኦርጋን እየተጫወተ፣ በተረፈው ጊዜ ማንም የማይዘምረውን መዝሙር እየጻፈ አረጀ።

አምና በቴሌግራም ጻፈልኝ። ሚስቱ ሞታለች፤ እሱም ታሟል፤ ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡትም። ለእሷ የጻፈውን መዝሙር አንድ ጊዜ ሰምቶ መሞት ፈለገ፤ በአገሩ የሚዘምርለት አጣ። እኔ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ስለማሠለጥን ኖታውን ላከልኝ። መሃሉ ላይ መዘምራኑ አሥራ ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ይላሉ። ከሥሩ "ይህ የእሷ ተራ ነው" ብሎ ጽፎበታል። ሳነብ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሁለት ወር ተለማመድን። እሁድ ስልኬን ደቅኜ መቅዳት ጀመርኩ። መዘምራኑ አሳምረው ዘመሩና ዝምታው ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለካ ስለ ዝምታው ለምእመናኑ መንገር ረስቻለሁ! እኛ ዘንድ መብራት ቢጠፋ፣ ማይክሮፎን ቢበላሽ፣ ሰባኪው ቃል ቢያጥረው መላው አንድ ነው፤ ይጸለያል። ሽማግሌያችን ኦቦ ቶለራ፣ ልጆቹ መዝሙሩ ጠፍቷቸው ያፈሩ መስሏቸው፣ ሊሸፍኑላቸው ተነሡ። "ሃ ከዸኑ፣ እንጸልይ" አሉ። ሕዝቡ ሁሉ በየአፉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እየተንጫጫ ጸለየ። አሜን ሲባል መዘምራኑ ካቆሙበት ቀጠሉ።

በጣም ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ጸሎቱን ከቅጂው ቆርጬ አወጣሁት። በምትኩ የሳሎኔን ዝምታ አሥራ ሁለት ትንፋሽ ያህል ቀድቼ አስገባሁና ላክሁለት። እሱስ ሞልቶኛል።

በማግስቱ መለሰልኝ።

"አመሰግናለሁ፤ ልክ እንደጻፍኩት ነው። ያን ዝምታ ግን አውቀዋለሁ፤ እኔም ቤት አለ። ነቀምት የላክሁት እናንተ ዘንድ ማንም ሰው ብቻውን ዝም እንዲል እንደማይተው ስለማውቅ ነበር። ሰዎቹ የት ሄዱ?"

ያልተቆረጠውን ቅጂ ላክሁለት። መላኩን የምትናገረው አንዷ ምልክት ወዲያው መጣች። ማየቱን የምትናገረው ሁለተኛዋ ግን ይኸው ወራት አለፏት፤ አልመጣችም።

ነገሩን ለኦቦ ቶለራ ከነገርኳቸው ወዲህ እሁድ እሁድ በር ላይ ይጠብቁኛል። ዛሬም እንደ ልማዳቸው በመምህርነት ማዕረጌ ጠሩኝ።

"ባርሲሳ፣ ሚስተር ጸሎታችንን ሰማ?"

"ሰምቶታል" አልኳቸው። "ደስ ብሎታል።"

ፊታቸው በራ። በአንድ መዝሙር ሁለት ጊዜ መዋሸቴ ነው። የመጀመሪያውን ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ሁለተኛውን ግን በሚመጣው እሁድም እደግመዋለሁ።