የክቡር ተመራጫችን ዋስ

ሰው ፖለቲከኛ ቢሆን ግድ የለም፤ አንድ ቀን ይተወዋል፣ ካልሆነም ያስተውታል። የፖለቲከኛ ዋስ የሆነ ሰው ግን አለቀለት! ተመራጩ ተዘርሮ ያንኮራፋል፣ ዋሱ ይባንናል። ከየት አመጣኸው አትበሉኝ፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት። የክልል ምክር ቤት አባላችን ዋስ እኔ ነኝ!

"እንዴት ሆነህ?" አትሉም? እሺ፣ ልንገራችሁ።

ፈንታሁን፣ ወገዳ ከተማ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው። ለክልሉ ምክር ቤት ተመረጠና "ክቡር" ሆነ። እኔ እዚያው ወገዳ፣ ደብተርና እስክሪብቶ በምሸጥባት ሱቄ ውስጥ "አንተ" እንደተባልሁ ቀረሁ። ይሁን፣ አልቀናሁም። እሺ... ትንሽ ቀንቻለሁ።

አንድ እሑድ ታዲያ ክቡርነቱ የመጀመሪያ ሪፖርቱን ለመራጩ ሕዝብ ሊያቀርብ ወደ ተወለድንባት ቀበሌ መጣ። ሕዝቡ ከቅዳሴ መልስ ወይራው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። እኔም ጓደኛዬ ሲከበር ልይ ብዬ መሃል ገብቼ ተቀምጫለሁ። ፈንታሁን ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና ጀመረ። "በምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤ በቀረቡ አጀንዳዎች ላይ በጥልቀት በመወያየት፣ የመልካም አስተዳደር ጥያቄዎችን በየደረጃው በመለየት፣ ቀጣይ የትኩረት አቅጣጫዎችን በማስቀመጥ..." ኧረ የሰውዬው ትንፋሽ! አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ጥላው ዞሮ ፀሐይ ላይ ጣለን።

በመጨረሻ ሲያበቃ፣ የደብሩ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ተባረክ ልጄ። ሁሉን ዘርዝረህ ነገርኸን" አሉት። "በል አሁን ደግሞ ምን እንዳልኸን ንገረን።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ፈንታሁን ደነገጠ። ተመራጭ ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ቃል ይገባል!

"ክረምቱ ሳይገባ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ወንዛችሁ ላይ ድልድይ ይሠራል!"

እልልታው ቀለጠ። ወንዛችንን ለማታውቁት... በበጋ ፍየል የምትዘለው፣ ክረምት ሲገባ ግን መንደሩን ከጤና ጣቢያው ቆርጦ የሚያስቀር ጉደኛ ነው። ከዚያ ሁሉ ሴት እልል ያላሉት እማማ ጥሩዬ ብቻ ነበሩ። ምራታቸው የሺ ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደው ነሐሴ ላይ ነው፣ ወንዙ እስከ አፉ በሚሞላበት ጊዜ። እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

"ዋስ ጥራ!" አሉት።

በእኛ አገር እንዲህ ነው። በሬ ስትሸጥ ዋስ ትጠራለህ። ከጎረቤትህ ተጣልተህ ስትታረቅ ዋስ ትጠራለህ። ሚስትህ ኮርፋ አባቷ ቤት ስትገባ "ሁለተኛ አይለምደኝም" ብለህ፣ ዋስ ጠርተህ ነው የምትመልሳት። ዋስ ያልተጠራበት ቃል እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ተመራጭን ዋስ ጥራ ያለ ሰው ግን እስከዚያ ቀን ሰምተን አናውቅም።

"እማማ፣ እኔ እኮ የምክር ቤት..."

"የፈለግኸውን ሁን! እትብትህ ሲቆረጥ ነበርሁ። ዋስ ጥራ!"

ፈንታሁን ዓይኑን ሕዝቡ ላይ አንከራተተ። ሕዝቡ አንድ ላይ አንገቱን ደፋ። ቀና ብዬ ፈገግ ስል የተገኘሁት እኔ ሞኙ ብቻ ነበርሁ።

"ይኸው፣ እሱ ዋሴ ነው!"

"ነህ ወይ?" አሉኝ መሪጌታ።

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑት። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ተክሎብኝ፣ ጓደኛዬ በዓይኑ እየለመነኝ "አይደለሁም" እላለሁ? "ነኝ" አልሁ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በያዘው!

ክቡርነቱ መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ። ከዚያ ወዲህ የምናየው በስልክ ብቻ ሆነ። "ለመራጮቼ መረጃ ማድረሻ" ብሎ ገጽ ከፍቷል። "ክቡር ፈንታሁን በስብሰባ ላይ።" "ክቡር ፈንታሁን ከስብሰባው በኋላ።" "ክቡር ፈንታሁን ለቀጣዩ ስብሰባ በዝግጅት ላይ።" በሁሉም ፎቶ ከፊቱ የታሸገ ውኃ ተቀምጧል፤ ሲጠጣው ግን አይቼው አላውቅም።

እማማ ጥሩዬ ስልክ የላቸውም። ዋስ ነው ያላቸው! በየገበያው ቀን ይመጡና ሱቄ ደፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። አይቆጡ፣ አይሳደቡ። ደንበኛ መጥቶ "ምነው እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?" ሲላቸው ብቻ፣ "ኧረ ምንም፤ ይሄ ልጅ የድልድይ ዋሴ ነው፣ ድልድዬን እየጠበቅሁ ነው" ይላሉ ረጋ ብለው። ደንበኛው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ ሄዶ እስክሪብቶውን ሌላ ሱቅ ይገዛል።

ደወልሁለት።

"አንተ ሰው፣ ድልድዩስ?"

"አይዞህ፣ በጥናት ላይ ነው።"

"የሺ እኮ በጥናት ላይ አይደለችም! ልትወልድ ነው!"

"ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን..."

"የሚመለከተው አካል አንተ አይደለህ እንዴ?"

"ይቅርታ፣ ስብሰባ ልገባ ነው።" ጆሮዬ ላይ ዘጋው!

ሰኔ ገባ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ሽማግሌዎች ወይራው ሥር አስጠሩኝ። መሪጌታ ነገር አላበዙም። "ወይ ሰውየውን አምጣ፣ ወይ ዕዳውን ራስህ ክፈል" አሉኝ።

"መሪጌታ፣ ዕዳው እኮ ድልድይ ነው!"

"'ነኝ' ከማለትህ በፊት ነበር ማሰቡ።"

እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ወንዙ ያያሉ። ባለፈው ክረምት ጎረቤታቸው እዚያው ወንዝ ዳር፣ ውኃው እስኪጎድል ስትጠብቅ ነው ልጇን ያጣችው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በሉኝ።

ከወንዙ አጠገብ አባቴ ያወረሰኝ ባሕር ዛፍ አለ። ወገዳ ላይ ቤት ልሠራበት ስሳሳለት የኖርሁት ነው። ለባለቤቴ ልቆርጠው መሆኔን ስነግራት ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች።

"ቤቴን?! ለዚያ ቀጣፊ ድልድይ?"

"ለየሺ ነው።"

ወጧን አማሰለች፣ ቀመሰች፣ ጨው ጨመረች። "ቁረጠው" አለች በመጨረሻ። "ያን ፈንታሁንን ግን በዚህ በር ሲገባ ባየው..." ብላ ማማሰያዋን አሳየችኝ።

ደቦ ተጠራ። ወንዱ ግንድ ተሸከመ፣ ሴቶቹ እንጀራና ጠላ ይዘው መጡ፣ ድልድዩ ቆመ። ድልድይ እንበለው እንጂ... ይንቀጠቀጣል፤ ግን ያሻግራል። "መጀመሪያ ማን ይሞክረው?" ሲባል ሕዝቡ ባንድ ድምፅ "ዋሱ!" አይል መሰላችሁ! ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእጄም በእግሬም እየዳህሁ ተሻገርሁ። ሳቃቸው ጎረቤት ወረዳ እስቴ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ነሐሴ ላይ የሺን ምጥ ያዛት። በቃሬዛ አድርገው ሲያሻግሯት ውኃው ከሥር ያጓራ ነበር። ጤና ጣቢያ ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ደስታዬ ይኼ ነው አይባልም። ደስ ሲለኝ ግን ንዴቴም አብሮ ተነሣ። ድልድዩ ላይ ፊቴን አኮሳትሬ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁና ለፈንታሁን ላክሁለት። "አታፍርም?" ብዬም ጻፍሁበት።

አላፈረም! በማግስቱ ገጹን ብከፍተው የላክሁት ፎቶ ተለጥፏል። "ክቡር ፈንታሁን ለመራጩ ሕዝብ በገቡት ቃል መሠረት የድልድዩ ግንባታ ተጠናቆ ለአገልግሎት በቅቷል" ይላል። የተኮሳተርሁትን እኔን ደግሞ "ደስታቸውን የገለጹ ነዋሪ" ይለኛል!

ስልኬን ይዤ እየነደድሁ እማማ ጥሩዬ ቤት ገባሁ። አራሷ ገንፎዋን ትበላለች፤ እሳቸው ልጅቱን ታቅፈዋል። አንድም ሳላስቀር አነበብሁላቸው።

"እማማ፣ አይቆጭዎትም?"

"ምን ይቆጨኛል፤ ልጄ ይቻትና።"

"በሚመጣው ምርጫ ግን ይጥሉታል አይደል?"

"ምን ሲደረግ! እመርጠዋለሁ እንጂ።"

"እሱን?!"

"ሌላ ብመርጥ አንተ ዋስ ትሆነዋለህ?" አሉና ልጅቱን ወዲህ ወዲያ እያወዛወዙ አሰቡ። "ምርጫው ባምስት ዓመት ነው አይደል የሚሉት?"

"ነው።"

"ባሕር ዛፍም ባምስት ዓመት ይደርሳል። በል ክረምቱ ሳይወጣ ሂድና ትከል።"