ሁለት ርግቦች ከአንድ ምድጃ

ሰው በስሙ ይኮራል። መታወቂያው ላይ፣ የሱቁ በር ላይ፣ የባጃጁ ጀርባ ላይ ሳይቀር ያጽፈዋል። በገና ዋዜማ ጋሽ ሰይድ ዳቦ ቤት ስትደርሱ ግን ስማችሁ ለምንም አይጠቅማችሁም፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብትለጥፉት ምድጃው ይበላዋል። በእንጨት የሚነድ ምድጃ በሰፈራችን የቀረው እዚያ ብቻ ስለሆነ የአዳማ ሰው የድፎ ትሪውን ተሸክሞ ይጎርፋል፤ ትሪው ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ከጣፋጭ ሊጥ የራሱን ምስል ሠርቶ ዳቦው አናት ላይ ያስቀምጣል። የአንዱ ዓሣ ነው፣ የሌላው ቁልፍ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ባጃጅ። የባለቤቴ ዶሮ ናት። ስትበስል ግመል ትመስላለች፤ እኔ ግን አፌን ሞልቼ ዶሮ ናት እላለሁ። ትዳር ነዋ!

ባለፈው ዋዜማ ግመላችንን ልወስድ ሄጄ ያየሁት ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ጋሽ ሰይድ ወሎ ተወልደው አዳማ ያረጁ ጋጋሪ ናቸው። ሁለት ድፎ አከታትለው ከምድጃው አወጡ። ሁለቱም ላይ ርግብ! አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች፣ ዓይኗ ቅርንፉድ፣ ግራ ክንፏ በአውራ ጣት የተቆነጠጠ። ባለቤቶቹ ግራና ቀኝ ተራርቀው ቆመዋል፤ ታላቋ አስካለ፣ ታናሿ ጥሩነሽ፣ የአንድ እናት ልጆች። እናታቸው ሲሞቱ አስካለ «ሁሩታ ከተማ፣ አባታችን አጠገብ ትቀበር» ስትል ጥሩነሽ እዚሁ አዳማ አስቀበረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ሁለቱም ከሐዘኑ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የበዓል ዳቦ ሲያቦኩ፣ እማዬ ድፎዋ ላይ ታደርጋት የነበረችውን ርግብ የማስቀጥላት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ነበር ለካ።

«የቱ የማን ነው?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

አስካለ ጎንበስ ብላ አየች። ጥሩነሽም አየች። የራሷን የለየች የለችም።

እኔም አየሁ። እመኑኝ፣ ጸጉሬ ቆመ። ሁለት ሴቶች ተኮራርፈው፣ በየቤታቸው፣ ሳይተያዩ የሠሩትን አንድ እጅ የሠራው ይመስላል። እናትየዋ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ጣታቸው ግን እዚያ ሊጥ ላይ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ያህል ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«የእኔ ድንብላል አለበት፤ ሲቆረስ ይታወቃል» አለች አስካለ፣ ለእህቷ ሳይሆን ለጋሽ ሰይድ።

«ታዲያ ቁረሱት!» አልኩ ጥልቅ ብዬ።

ጋሽ ሰይድ ገላመጡኝ። «ወላሂ፣ አንተስ ክርስቲያንም አትመስል! ጾም አይደል እንዴ? የበዓል ዳቦ ሳይባረክ ይቆረሳል? ሁለቱንም አንድ ቤት አስገቡና ነገ ጾም ስትፈቱ ይለይላችኋል።»

ሌላ መላ አልነበረም። ዳቦዋን ጥላ ልትሄድ የፈቀደች የለችምና፣ እህትማማቾቹ ትሪዎቹን ታቅፈው በአንድ ባጃጅ ወደ አስካለ ቤት ሄዱ። አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ቀኝ እያየች። እኔንም ነገ መጥተህ ምስክር ሁን አሉኝ።

በማግስቱ ጎረቤት ሽማግሌ ባርከው ቆረሱ። የመጀመሪያው ድፎ ድንብላል አለበት። ሁለተኛውም አለበት።

«እማዬ ናት ያሳየችኝ» አለች አስካለ፣ ቀስ ብላ።

«እኔንም» አለች ጥሩነሽ። እንባዋ ቁራሹ ላይ ወረደ። አስካለ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፤ የወንድ ነገር ታውቁታላችሁ።

ትንሽ ቆይቶ አስካለ ከአንደኛው ገመጠችና ፊቷን አኮሳተረች። «ይኼ ስኳር በዝቶበታል። ያንቺ ነው።»

«ስኳር የምታበዢውማ አንቺ ነሽ!»

«እኔ?»

ተጀመረ! ድምፃቸው አጥር ተሻገረ፤ ሁለት ዓመት የታፈነ ወሬ ሁሉ በስኳር አመካኝቶ ወጣ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ፍረድ አሉኝ። ከሁለቱም ቀመስኩ፤ አንድ ናቸው። ይህን ብናገር ግን ጭቅጭቁም ወሬውም ሊያልቅ ነው።

«በአንድ ቁራሽ አይፈረድም፣ ጨምሩልኝ» አልኩ።