ጋሽ ሙሄ ደጅ ላይ የጠፋችው መኪናዬ

ጭራሽ አልነሳም የምትል መኪና፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ክፉ አይደለችም። ቁርጣችሁን አውቃችሁ ባጃጅ ትጠራላችሁ። የምታንገበግበው ተነስታ የምትጠፋዋ ናት። ሞተሯ ይነሳል፣ «ተመስገን» ብላችሁ ቁልፉን ስትለቁት ጸጥ። ደግሞ ትሞክራላችሁ፤ ጸጥ። የእኔዋ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «አንቱ» ልላት ሁሉ ይቃጣኛል።

ይህን ጠባይዋን ለማሳየት የመረጠችው ሽማግሌ የላክሁበትን ቀን ነው። ሐያትን ከአባቷ ከጋሽ ሙሄ እንዲጠይቁልኝ ሐጂ እንድሪስንና አቶ መኮንንን ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ ይዣቸው ሄድኩ። አግቢው አብሮ እንደማይሄድ አላጣሁትም፤ ግን መኪናውም የእኔ፣ ሹፌሩም እኔ፣ ምን ላድርግ? ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ደጅ ቆየሁ።

ሽማግሎቹ ሲወጡ፣ «ከዘመድ ልማከር ብሏል» አሉኝ ሐጂ እየተሳፈሩ። ይህ እሺም ነው፣ እምቢም ነው።

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። ጠፋች።

ጋሽ ሙሄ፣ ጡረታ የወጡ የትራክተር ሹፌር፣ ሊሸኙን በራፋቸው ላይ ቆመዋል። አቶ መኮንን «ወርደን እንግፋ?» ቢሉ እምቢ አልኩ። ሽማግሎቼን አማቴ ሊሆኑ በሚችሉት ሰው ፊት መኪና ከማስገፋ እዚያው ባረጅ ይሻለኛል! ኮፈኑን ከፈትኩ። የቤንዚኑን ቱቦ ነቅዬ አየሁ፤ ቤንዚን አለ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ወልውዬ መለስኳቸው። ተነሳች፣ ጠፋች። ላቤን ልጠርግ ባርኔጣዬን ሳወልቅ ጋሽ ሙሄ አጠገቤ ደርሰዋል።

«መካኒክ ነህ?»

«አይደለሁም። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ።»

ሽማግሎቹ ቤት ውስጥ ሲያሞግሱት የቆዩት መምህር ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እጄ በዘይት ጠቁሯል።

«እና ምን እየፈለግህ ነው?»

«በሽታዋን አላውቀውም ጋሼ። ያልሆነውን እያወጣሁ ነው።»

ዞረው ወደ ቤት ገቡ። አለቀልኝ አልኩ። ሽቦ የተቀጠለበት አሮጌ የትራክተር አምፖል ይዘው ተመለሱ። አምፖሉን ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ኮይል ላይ እንድይዘው ነግረውኝ እሳቸው መሪው ጋ ተቀመጡ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሲያዞሩት አምፖሉ በራ፤ ሞተሩ ተነሳ። ሲለቁት አምፖሉም ሞተሩም እኩል ጠፉ። ደገምነው። ያው።

«ስትነሳ እሳቱን በአንድ ሽቦ ነው የምትልከው፣ ስትሄድ በሌላ» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። «ሁለተኛው ሽቦ ተበጥሷል!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ።

ከባትሪው ወደ ኮይሉ በቀጥታ ሽቦ ዘረጋሁ። ተነሳች። ቁልፉን ለቀቁት። አልጠፋችም። ሐጂ እንድሪስ ከኋላ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ።

ጋሽ ሙሄ ወርደው መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ልጄን በዚህች መኪና አትወስዳትም!» አሉና ገቡ።

ሽማግሎቹን ይዤ መንገድ ጀመርኩ። መርሳ ልንገባ ስንል ሐጂ ብቻቸውን ይስቁ ጀመር።

«ምን ያስቅዎታል?» አልኩ፣ ትንሽ ከፍቶኝ።

«አንተ መምህር፣ ሰውየው እኮ ‹በዚህች መኪና አትወስዳትም› አለ እንጂ ‹ልጄን አልሰጥህም› መቼ አለ?»