ሲኒማ ውስጥ ለማን ነው የተነሳሁት?

ዛሬ ያደረግኩትን ብነግራችሁ ሁለተኛ ከኔ ጋር ሲኒማ አትገቡም።

ጓደኛዬ ሰሚር «ሁለት ቲኬት አለኝ፣ የጦርነት ፊልም ነው» አለኝ። ተኩስ ነው ብዬ ትልቁን ፖፕኮርን ገዛሁ።

ምንም ተኩስ የለም! ወታደሮቹ ከዘመቻ ተመልሰው ቤታቸው ናቸው። ዕቃ ያጥባሉ። ዝም ይላሉ።

እኔ ደግሞ ይሄን እቤቴ አይቼዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጀማል የኖርዌይ ወታደር ነበር። ውጭ ዘምቶ ተመለሰ። ከዚያ... አምና ሞተ። ድንገት። ስለዚያ መጻፍ ገና አልቻልኩም።

ጀማል ከተመለሰ በኋላ ሳሎን ውስጥ የሚፈልገው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ጥግ ላይ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ያለችውን። የኔ ነበረች። ሲገባ ያያታል። እኔ እነሳለታለሁ። ታላቄ አይደል?

እማ «ልጄ ብርድ ገብቶበታል» እያለች ሹራብ በሹራብ ላይ ታለብሰው ነበር።

ወደ ፊልሙ። ወታደሩ እራት ተጠርቶ ገባ። የቀረው ወንበር ጀርባው ወደ በሩ ነው። ቆመ። ጥግ ያለችውን አየ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ!

ማንም አልተነሳም።

እኔ ተነሳሁ።

አዎ፣ እኔ! ሲኒማ ውስጥ! ፖፕኮርኑ ከፊቴ በተቀመጡ አንድ ሽበታም ሰውዬ ራስ ላይ ተገለበጠ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ በኖርዌይኛ «ቁጭ በል!» አለችኝ። እኔ ደግሞ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ «ተነሱለት እንጂ!»

ሰሚር ጃኬቴን ጎተተኝ። «ለማን? ወላሂ አዋረድከኝ፣ ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። ወታደሩ ለሚስቱ ይነግራታል። በሩን ካላየ እህል አይወርድለትም።

በሩን።

የኛ ጥግም ፊት ለፊት በሩን ነው የምታየው። ያን ሁሉ ጊዜ ማሞቂያው መስሎን!

መብራት ሲበራ ሰውዬው ከፀጉራቸው ፖፕኮርን እየለቀሙ ዞሩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ለቅሶ ወጣኝ። ናፕኪን ሰጡኝ። ፖፕኮርን የደፋሁባቸው ሰውዬ!

ሰፈራችን ሃውገሩድ፣ እቤት ስደርስ እማ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«እማ... ጀማል በርዶት አልነበረም። በሩን ለማየት ነው እዚያ የሚቀመጠው።»

ወንበሯን አየቻት። ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም።

«ታዲያ ሹራቡን ለምን ለበሰልኝ?»

«እንዳትጨነቂ ነዋ።»

ወንበሯን በእጇ ጠረገቻት። ከዚያ «በል ተቀመጥባት» አለችኝ።

ይሄን የምጽፍላችሁ ተቀምጬባት ነው። በሩ በደንብ ይታያል። ማሞቂያውን ነካሁት። በረዶ ነው! ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸ አንዳችንም አናውቅም።

እስቲ እናንተ ቤት ያለውን፣ ይሞቃል ከማለታችሁ በፊት፣ ነክታችሁት ታውቃላችሁ?