የመሸሻ መኪና ገና ናት

«ገና ናት» አለ መሸሻ፣ ወለሉ ላይ በሆዱ እንደተኛ። በሬዲዮ የምትታዘዘው ትንሽ መኪናው መታጠፊያው ላይ ተገልብጣ ጎማዎቿ በባዶ ይሽከረከራሉ።

«አምናም ገና ነበረች» አለ ጓደኛው ፈድሉ፣ ዊንጌት አጠገብ ሱቅ ያለው። «ቂያማ ቢቆም እንኳ "ቆዩ፣ ሞላዋን ትንሽ ላላላት" ትላለህ፤ ወላሂ!»

የቀበሌው አዳራሽ ኃላፊ አፀደ ቁልፉን በጣቷ አንጠልጥላ በሩ ላይ ሳቀች።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሥራ የሚጠላ አይደለም፤ መጨረስ የሚፈራ ነው። ጠረጴዛ ሲሰጡት አንዱን እግር ከሌላው ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል፣ በርጩማ አድርጎ ይመልሰዋል። በጉለሌ የዚህ ማኅበር የበላይ ጠባቂ መሸሻ ነበር። አፀደ በልቧ «ሊቀ ሞላ» ትለዋለች።

ሁለቱን መኪኖች ከጅዳ ያመጣቸው የፈድሉ አማች ነው። ፈድሉ አንዷን ለመሸሻ የሰጠው ከቸርነት አይደለም፤ የሚያሸንፈው ሰው ስላስፈለገው ነው። እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ሲበተን አግዳሚ ወንበሮቹን በጎናቸው አጋድመው የመሽቀዳደሚያ መንገድ ይሠራሉ። ክፉው መታጠፊያ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሦስቱ የሶሻሊዝም ጢማሞች ሥዕል ሥር ነው። መሸሻ ጎማዎቹን የሚያነጥሩትን ሞላዎች እየፈታ ያልሞከረው የለም፤ የእስክሪብቶ ሞላ፣ የጽሕፈት መኪና ሞላ፣ አንዴም ከገዛ አልጋው የቆረጠውን። ሞላው ሲጠነክር መኪናዋ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ሲላላ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ልክ ሆነ ሲባል ደግሞ ትንሸራተታለች።

ለምን እንደምትንሸራተት አፀደ ታውቃለች። አዳራሹ የተወረሰ ቪላ ሳሎን ነው፤ ወለሉ ጣውላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም ትቀባዋለች። ሊቀ መንበሩ ለንጽሕናዋ በስብሰባ ፊት አስጨብጭቦላታል። የንጽሕና ጉዳይ አልነበረም። መኪናዋ ከደረሰች መሸሻ ምን ብሎ ይመጣል? መንገድ ላይ ሲያገኛት «ደኅና ነሽ?» ይልና ጫማውን ያያል። አዳራሹ ውስጥ ግን ያወራል። ስለ ሞላም ቢሆን፣ ያወራል። ከሰኞ ጀምራ ያንን ድምፅ ትጠብቃለች። አንደበቱን ፍታልኝ ብላ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ተስላለች።

ዓመቱ የድርቅ ነበርና ትእዛዝ መጣ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ አዳራሹ የእርዳታ ስንዴ መጋዘን ይሆናል። ያን ቅዳሜ አፀደ ሰም አልቀባችም። ከእንግዲህ ለምን ብላ?

እሑድ የመሸሻ መኪና ሐዲድ ላይ እንዳለች ጢማሞቹ ሥር እጥፍ አለች። በሁለተኛው ዙርም ደገመችው። የፈድሉን መኪና ጥላት ሄደች።

«ደረሰች!» ፈድሉ መሸነፉንም ረስቶ ጮኸ። «መሼ፣ ደረሰች እኮ! ሳቅ እንጂ፣ ምነው ከለቅሶ ቤት የመጣህ መሰልክ?»

መሸሻ አልሳቀም። ፈድሉ ራሱን እየነቀነቀ፣ መኪናውን በብብቱ ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ።

መሸሻ ተንበረከከና ወለሉን በጣቱ ዳሰሰ።

«ዛሬ አልቀባሽውም።»

የአፀደ ፊት ጋለ። «ታውቅ ነበር?»

«ጫማዬም ይንሸራተት ነበር እኮ።»

መኪናዋን አነሣት፣ አገላበጣት። አፀደ ቁልፉን በጭብጧ ያዘች። አሁን ከወጣ መቼ እንደሚያወራት እንጃ።

«እ... ማለቴ» አለ መሸሻ። «የቤትሽ ወለል ምንድን ነው?»

«ጭቃ ነው። ያውም ጎርባጣ።»

ፊቱ በራ። «ለጭቃማ ሌላ ሞላ ነው የሚያስፈልጋት። ከባድ ነው። ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም።»

«አምጣትና እንያት» አለች አፀደ። «ማን አስቸኮለህ?»

ማክሰኞ ስንዴው ገባ። መሸሻ ሽማግሌ የላከው በሦስተኛው ዓመት ነው።