ትርጓሜው ሰኞ ነው

በፎገራ ሜዳ ለእንግሊዝኛ ሰዋስው ክብር ሲል የራሱን ጥቅም የሠዋ ማኅበር ቢኖር፣ ከወረታ ዳር ያለው የእነ ሰውመሆን የሩዝ አምራቾች ማኅበር ነው። ሰውመሆን የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። በእንግሊዝኛ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ቢሮው ውስጥ ከሰቀለ ወዲህ፣ ቋንቋውን እንደማያውቅ የሚያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ ለገበሬ በማሰብ፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላከ። ነገሩ ስለ ሩዝ መውቂያ ማሽን መሆኑ ከሥዕሉ ታወቀ። የመበለቷ የይርገዱ ሩዝ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ ሰማዩም ያለወትሮው ጠቁሯል። ሰውመሆን ስሙን ከግሱ ለየ፣ ከሥሩም አሰመረ፤ የሚለው ግን አልገባውም። አልገባኝም ማለት ደግሞ ለእሱ ሞት ነው።

ሊቀመንበሩ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ሳያውቁት ከጭንቅ አወጡት። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባቡ ሳይቃና ትርጓሜ እንደማይጀመር አስረድተው፣ ደብዳቤውም በዚሁ ሥርዓት እንዲጠና ወሰኑ። ሰውመሆንም ውሳኔውን በደስታ በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። አባላቱ አራት ቀን ሙሉ እየተቀባበሉ አዜሙት፤ ሰረዙ ጋ ተነፈሱ፣ ነጥቡ ጋ ዐረፉ። ሰረዞቹ አሥራ ሰባት መሆናቸው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሐሙስ ዕለት ይርገዱ ቢሮ መጣች።

«ሰውመሆን፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ገና ትርጓሜ ላይ አልደረስንም፣ እታለም። ንባቡ ግን ተቃንቷል።»

ትርጓሜው ሰኞ መሆኑንም ነገራት፤ ድምፁ ራሱንም አሳፈረው።

እሑድ ዝናቡ ወርዶ ክምሯን አራሰው። ሰኞ ጠዋት ሰውመሆን ከደብዳቤው ወደ ገባው ብቸኛ ነገር፣ ወደ ስልክ ቁጥሩ፣ ደወለ። ትርሲት የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ በአማርኛ አነሳች። ማሽኑ እስከ ዓርብ ደውሎ ለጠየቀ ማኅበር ሁሉ በተራ እንደሚሰጥ ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ነበር፤ አሁን ጎረቤት ያለው ማኅበር ለብቻው ወስዶታል። ሰውመሆን ግራ ገባው። እዚያ ማኅበር ፊደሉን እንኳ የሚለይ የለም።

«ለእነሱ እንዴት ገባቸው?»

«አልገባቸውም። በደረሳቸው ቀን ደውለው ምን እንደሚል ጠየቁን።»

ስልኩን ሲዘጋ ይርገዱ በሩ ላይ ቆማለች።

«አልገባኝም ነበር» አላት።

«ይህንን ሐሙስ ብትለኝ፣ እኔው እደውል አልነበር?» አለችውና እርጥቡን ሩዝ ልታሰጣ ሄደች።